የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ለማንና ስለ ምን?

ሰው በሰው ላይ ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ከባዱ ፍርድ ነው። ሐኪም ቢሳሳት በሽተኛው ይጎዳል፤ መሐንዲስ ቢሳሳት ቤቱ ይፈርሳል፤ የወንጀልን ነገር የሚመረምርና የሚፈርድ ሰው ቢሳሳት ግን በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይበላሻል። ንጹሑ ይታሰራል፥ በደለኛው በነጻ ይሄዳል፥ ሕዝብም በሕግ ላይ ያለው እምነት ይጎድላል። ይህን የመሰለውን ከባድ ሥራ ግን ያለ ትምህርት ሊሠሩት የሚቻል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለሐኪምነት ብዙ ዓመት መማር እንደሚያስፈልግ ከቶ የማይጠራጠር ሰው፥ ሌባን ለመያዝና ቃሉን ለመቀበል ብርታትና ቁጣ የሚበቃ ይመስለዋል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ ስለሚሰጠው የወንጀል ፍትሕ ትምህርት፥ ለማን እንደሚያስፈልግና ስለ ምንም እንደሚያስፈልግ በዛሬው ጽሑፋችን ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በመጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንግለጥ። የሕግ ትምህርት ወንጀል የሚባለው የትኛው እንደሆነና ቅጣቱም ምን ያህል እንደሆነ ያስተምራል። የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ግን ከዚህ አልፎ፥ አንድ ሰው ከተጠረጠረበት ሰዓት ጀምሮ በፖሊስ ጣቢያ፥ በዓቃቤ ሕግ፥ በችሎትና በማረሚያ ቤት አልፎ ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ ይከተላል። በየደጁ ማን እንደሚቀበለው፥ ምን እንደሚጠየቅ፥ ስሕተትም በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል ይመረምራል። የምስክር ልቡና እንዴት እንደሚያስታውስና እንዴት እንደሚስት፥ ደምና የጣት አሻራ ምን እንደሚያስረዱ፥ ሰው ስለ ምን ወደ በደል እንደሚሄድና ምን ቢደረግለት እንደሚመለስ፥ ይህን ሁሉ በአንድነት አያይዞ የሚያይ ትምህርት ነው።

ለአገራችን ሰው ፍትሕን መማር እንግዳ ነገር አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዓረብኛ ተጽፎ ኋላም ወደ ግእዝ ከተመለሰ ወዲህ፥ በመጻሕፍት ቤት ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋር ሲነበብና ሲተረጎም ኖሯል። ተማሪው ንባቡን ስላወቀ ብቻ ተማረ አይባልም፤ ምሥጢሩን ጠይቆ፥ ተጠይቆም መልስ ሰጥቶ፥ መምህሩ ሲመሰክርለት ነው እንጂ። ከትምህርት ቤት ውጭም ቢሆን በአደባባይ «ተጠየቅ» እየተባባሉ መሟገት፥ ባላጋራን በጥያቄ አጥብቦ መያዝ፥ የምስክርን ቃል መፈተን፥ ያልተማረው ባላገር እንኳ የሚያውቀው ጥበብ ነበር። ይህን ሀብት የሚንቅ ሰው ራሱን የናቀ ነው።

ይሁን እንጂ እውነትን መውደድ ብቻውን እውነትን እንደማያስገኝ አባቶቻችን በከባድ ዋጋ አይተዋል። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባ ሻይ ሲያስጠራ፥ ለአንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁት ነበር። ብላቴናውም በመድኃኒቱ ሰክሮ ሲንገዳገድ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባው ቤት ይባላል፤ የቤቱም ጌታ አንድ ምስክር ሳይሰማበት ባለ ዕዳ ይሆናል። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ደግሞ የአገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፥ በደለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከል ነበር፤ በደለኛው ያልተገኘ እንደሆነም ዕዳውን አገሩ በሙሉ ይካፈል ነበር። በእርግጥ ጎረቤት የጎረቤቱን ሥራ ያውቃልና በዚህ መንገድ የተገለጠ እውነት አይጠፋም። ነገር ግን እርሻው የሚጠብቀው፥ የራበውና የመሸበት ሰው የሚናገረው ያየውን ነው ወይስ ከዚያ ስፍራ የሚያወጣውን ቃል ነው? ጥያቄው ይህ ነው፤ ይህም ጥያቄ ከአፈርሳታ ጋር አብሮ አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ አገራችን በጽሑፍ ሕግ በኩል ብዙ ተራምዳለች። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በ1949 ዓ.ም. የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ የነበሩት ዣን ግራቨን ያረቀቁት ሕግ ተተካ። በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከተለ፤ በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ ማለት በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፥ በራሱ ላይ የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንዳይገደድ፥ እስኪፈረድበትም ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ተጻፈ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ሕግ ሲታወጅ ስሙ እንኳ ተለውጦ፥ «የወንጀለኛ መቅጫ» መባሉ ቀርቶ «የወንጀል ሕግ» ተባለ። የስሙ መለወጥ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ልብ ላለው ግን ሕግ የሚወጣው ለመቅጣት ብቻ እንዳልሆነ ያሳስባል።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ከተጻፈ የጎደለው ምንድር ነው ቢሉ፥ የጎደለው ሕጉን በመጀመሪያው ሰዓት የሚይዘው እጅ መማር ነው። ዳኛው በችሎት ተቀምጦ የሚያየው መዝገብ፥ ከብዙ ቀን በፊት አንድ መርማሪ በፖሊስ ጣቢያ የጻፈው ወረቀት ነው። የዳኛው ዕውቀት የቱን ያህል ቢበዛ፥ ያልተጻፈውን ሊያነብ፥ የጠፋውንም ማስረጃ ከምድር ሊያስነሣ አይችልም። ውሃ ከምንጩ ከደፈረሰ በታች ያለው ቢያጠልለው የነበረው ጥራት አይመለስለትም። እኛ ግን ብዙ የተማሩ ሰዎችን የምንፈልገው ለወንዙ መጨረሻ ነው፤ ምንጩን ግን ለማንም እንተወዋለን።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ከጥቂት ዓመት በፊት በሰፈራችን ያየነው ነገር አለ። በአንድ ቤት የወርቅ ሐብል ጠፋና ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ተያዘች። ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን አልወሰድሁም አለች። በሁለተኛው ቀን ግን «ካመንሽ ቶሎ ትወጫለሽ» ብለው ስለ መከሯት ወሰድሁ አለች። የት አደረግሽው ብለው ቢጠይቋት፥ አንድ ጊዜ ሸጥሁት፥ አንድ ጊዜ ጠፋብኝ፥ አንድ ጊዜም ለማላውቀው ሰው ሰጠሁት አለች። ይህ የቃል መለያየት ስለ ሐብሉ የምታውቀው ነገር አለመኖሩን ሊያስረዳ እንደሚችል ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የተንኮልዋ ምልክት ሆኖ ተጻፈባት እንጂ። ከ7 ሳምንት በኋላ እመቤቲቱ ለበዓል የምትለብሰውን ቀሚስ ከሣጥን ብታወጣ፥ ሐብሉ በእጥፋቱ ውስጥ ተገኘ። ልጅቱም ተፈታች፤ ወደ እናትዋ አገር ስትመለስ ግን ሌባ የሚለው ስም ቀድሟት ደርሶ ነበር። ቃልዋን የተቀበለውን ሰው እናውቀዋለን፤ ጨካኝ ሰው አልነበረም። አልመታትም፥ አልሰደባትም፤ ጉዳዩን በቶሎ በመጨረሱም መልካም ሥራ የሠራ መስሎት ነበር። የጎደለው ደግነት ሳይሆን ትምህርት ነበር። ንጹሕ ሰው ያልሠራውን ሠራሁ ሊል እንደሚችል ማንም አላስተማረውም፤ እርሱም በራሱ ሊያስበው አልቻለም።

ይህ የእኛ አገር ድካም ብቻ እንዳይመስለን የእንግሊዝን አገር ነገር እንይ። በሌስተር አውራጃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገድለው ተገኙ። ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ቢይዝ፥ ወጣቱ ሁለተኛይቱን የገደልሁ እኔ ነኝ ብሎ አመነ። ፊተኛይቱንም የገደለ እርሱ መሆኑን ለማስረዳት ሲሉ፥ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩትን አሌክ ጄፍሪስን እርዳታ ጠየቁ። እኚህ ሊቅ ዲ ኤን ኤ የሚባለውን የተፈጥሮ ምልክት ከሰው ሰው ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ በ1984 አግኝተው ነበር። ምርመራቸውም ማንም ያልጠበቀውን ነገር አስረዳ። ሁለቱን ልጃገረዶች የገደለ አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን ያመነው ወጣት አይደለም አለ። ከዚህ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የአካባቢው ወንዶች ደማቸው ሲመረመር፥ እውነተኛው ገዳይ ሌላ ሰው በስሙ እንዲቀርብለት አድርጎ ለጊዜው አመለጠ። በኋላ ግን ተንኮሉ በሰዎች ጨዋታ መካከል ተሰምቶ በ1987 ተያዘ፤ በ1988ም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ይህ የታወቀ ዘዴ ለወንጀል ምርመራ ሲውል አስቀድሞ የሠራው ሥራ ንጹሑን ማውጣት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ፖሊስ በተቀበለው የእምነት ቃል ረክቶ ቢቀመጥ ኖሮ፥ ገዳዩ በሰላም ይኖር እንደነበረ ነው። «ፖሊስ ብዙ ከተማረ መጠራጠር ያበዛና ወንጀለኛው ያመልጣል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገሩ ተገልብጦባቸዋል። ወንጀለኛው የሚያመልጠው በቦታው ሌላ ሰው ሲታሰርለት ነው። ለበደለኛ ከዚህ የበለጠ መሸሸጊያ ከየት ይገኝለታል?

ከእምነት ቃል ሌላ የምስክር ቃልም ትምህርት ያስፈልገዋል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች፥ ለተማሪዎች የመኪና አደጋ የሚያሳይ ፊልም አሳይተው ስለ መኪኖቹ ፍጥነት ጠየቁ። ለአንዳንዶቹ መኪኖቹ «ሲጋጩ» ብለው በቀላል ቃል፥ ለሌሎቹ «ሲደቃቀቁ» እንደ ማለት በከባድ ቃል ጠየቋቸው። ከባዱን ቃል የሰሙት ፍጥነቱን አብዝተው ተናገሩ። ከአንድ ሳምንት በኋላም የተሰበረ መስተዋት አይታችኋል ወይ ቢባሉ፥ በፊልሙ ውስጥ ያልነበረውን አየን ያሉት ከእነዚሁ ወገን በዙ። እነዚህ ሰዎች ሐሰተኞች አልነበሩም፤ የጠያቂው ቃል በልባቸው ገብቶ ያዩትን መስሏቸው ነው እንጂ። በእኛ አገር «ያ ቀይ ሸሚዝ የለበሰው ልጅ ሲሮጥ አላየኸውም?» ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ፥ ቀዩን ሸሚዝ ራሱ እንዳለበሰው ያውቃልን? ሐሰተኛ ምስክርን በመሐላ እናስፈራራዋለን፤ እየተሳሳተ በቅን ልብ የሚመሰክረውን ግን መሐላ አይመልሰውም። እርሱን የሚመልሰው መጠየቅን የተማረ ሰው ብቻ ነው።

እንዲህ ስንል ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሁሉ እውነት ነው ማለታችን አይደለም። ቼዛሬ ሎምብሮዞ የተባለው የጣሊያን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ወንጀለኛ ከተፈጥሮው እንዲሁ ሆኖ እንደሚወለድ፥ በራስ ቅሉና በፊቱም መልክ እንደሚታወቅ አስተማረ፤ ብዙ ሰዎችም ተቀበሉት። ቻርልስ ጎሪንግ የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም ግን 3,000 የሚያህሉ እስረኞችን መርምሮና ከሌላው ሰው ጋር አስተያይቶ፥ ለወንጀለኛ የተለየ መልክ እንደሌለው በ1913 አስረዳ። ታዲያ ሎምብሮዞ ከሌባ ሻይ በምን ይሻላል ቢባል፥ በአንድ ነገር ይሻላል። ያስተማረው በጽሑፍ ምክንያቱን ገልጦ ነበርና ሌላው መርምሮ ሊያፈርሰው ቻለ። ብላቴናው የወደቀበት ቤት ግን ይግባኝ የሚልበት አልነበረውም። የዩኒቨርሲቲ ጥቅሙ የማይሳሳት መሆኑ አይደለም፤ ስሕተቱን የሚመረምርበትን መንገድ ከትምህርቱ ጋር አብሮ መስጠቱ ነው። ለፖሊስም፥ ለዓቃቤ ሕግም፥ ለዳኛም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ይኸው ነው፤ «እኔ ተሳስቼ ቢሆንስ?» ብሎ ራስን መጠየቅ።

ይህ ትምህርት ከሥራ ርቆ በክፍል ውስጥ ብቻ እንዲቀር የሚወድ ካለ፥ የአጀማመሩን ታሪክ ይመልከት። በኦስትሪያ ሐንስ ግሮስ ብዙ ዘመን መርማሪ ዳኛ ሆኖ ከሠራ በኋላ ነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 የምርመራን ሥራ የሚያስተምረውን መጽሐፍ የጻፈው፤ በ1912ም በግራትስ ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ምርምር ተቋም አቆመ። በአሜሪካ የበርክሊ ከተማ የፖሊስ አለቃ የነበረው ኦገስት ቮልመር፥ እርሱ ራሱ ከፍተኛ ትምህርት ያልተማረ ሲሆን፥ ፖሊሶቹ እንዲማሩ ደክሞ በ1916 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ እንዲጀመር አደረገ። ሁለቱም በሥራ ላይ ሳሉ ያላወቁት ነገር እንዳለ አይተው ወደ ትምህርት የሄዱ ሰዎች ናቸው። በእኛም ዘንድ የቅኔ ቤት ሥርዓት ይህንኑ ያስተምረናል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ስላደነቀ ባለ ቅኔ አይባልም። ራሱ ቆጥሮ፥ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ነግሮ፥ ታርሞና አፍሮ፥ እንደ ገና ቆጥሮ ነው የሚመረቀው። የወንጀል ፍትሕ ተማሪም አንቀጹን በቃሉ ስለያዘ ብቻ ሊመረቅ አይገባውም።

ስለዚህ ሥልጣን ላላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምናሳስበው አራት ነገር አለ። አንደኛ፥ ወደዚህ ትምህርት የምትልኩት ሰው ከሥራው ሊያርቁት የፈለጉት ሰው አይሁን፤ በየጣቢያው ቃል የሚቀበለው፥ በየማረሚያ ቤቱ እስረኛ የሚጠብቀው፥ ለሥራው የሚያስብ ሰው ይሁን። ሁለተኛ፥ ተማሪው ከመመረቁ በፊት በጣቢያ፥ በችሎትና በማረሚያ ቤት በቂ ጊዜ ተቀምጦ ያየውን እንዲጽፍ፥ በጻፈውም እንዲጠየቅ ይደረግ። ሦስተኛ፥ ተምሮ ሲመለስ ለተማረበት ሥራ ይመደብ። ወረቀቱ ደመወዝ ከጨመረለት በኋላ ዕውቀቱ በሌላ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ የሚቆለፍ ከሆነ፥ መንግሥት ከፍሎ ያስተማረው ለግድግዳ ጌጥ ነው። አራተኛ፥ ፍርዳቸው ያለቀ መዝገቦች፥ የሰዎቹ ስምና ክብር ተጠብቆ፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች ምርመራ ይከፈቱ። የተሳሳትንበትን ካላየን የምንማረው የሌላ አገር ስሕተት ብቻ ይሆናል።

ካህናት አባቶቻችንም ይህ ነገር እኛን አይመለከተንም እንዳትሉ እንለምናለን። በደም በተፈላለጉ ወገኖች መካከል መስቀል ይዛችሁ የምትገቡ እናንተ ናችሁ፤ ከማረሚያ ቤት የወጣው ሰው በሰፈሩ ተቀባይነት የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ በእናንተ ቃል ነው። የወንጀል ሕጋችን በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሰውን ወንጀልና፥ ተበዳዩ ዝም ቢልም መንግሥት የሚከስበትን ወንጀል ለይቶ አስቀምጧል። እርቅ ቂምን ያበርዳል፥ የደም መመላለስንም ያስቀራል፤ ሰው የገደለውን ሰው ግን ከፍርድ ቤት አያስቀረውም። ይህን ልዩነት የሚያውቅ አስታራቂ ወገኖቹን ከሁለተኛ ጥፋት ያድናቸዋል። ዩኒቨርሲቲውም ከእናንተ የሚማረው አለ። ሁለት ጠበኞችን ለማነጋገር የምትታገሡትን ትዕግሥት፥ ሰውየው የተናገረውንና የደበቀውን የምትለዩበትን ማስተዋል በመጽሐፍ ብቻ አያገኘውም። ተማሪዎች ሊጠይቁ ወደ ደጃችሁ ሲመጡ በራችሁን ክፈቱላቸው።

በመጨረሻ፥ ስለዚያች ልጅ አንድ ቃል ጨምረን እናብቃ። እመቤቲቱ ሐብሉን ባገኘች ጊዜ አልቅሳ ይቅርታ ለመነች፤ መርማሪውም አዘነ። ሁሉም አዘኑ፤ የ7ቱን ሳምንት እስራትና የጠፋውን ስሟን የመለሰላት ግን የለም። ሐብሉ ባይገኝ ኖሮ ደግሞ የሚያዝንላት እንኳ ባልነበረ። በሣጥን ውስጥ ሐብል ሳይገኝላቸው የቀሩት ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ ማን ነው? የወንጀል ፍትሕን ተምሮ የሚያውቅ አንድ መርማሪ በዚያች ቀን በዚያ ጣቢያ ተቀምጦ ቢሆን፥ ልጅቱ ሦስት ልዩ ልዩ ቃል ስትሰጥ ብዕሩን አኑሮ፥ «እስኪ አስቀድመን ቤቱን እንደ ገና እንፈትሽ» ባለ ነበር። ይህን አንድ ቃል የሚያናግር ትምህርት ለአገር ብዙ ነው። የሚመለከታቸው ሁሉ ይህን አስበው፥ ትምህርቱ በጣቢያው ደጅ እስኪደርስ ድረስ እንዲተጉበት አደራ እንላለን።